ከእኔ በፊት የነበረችው ልጅ

መጋቢት 4፣ ማክሰኞ

ዛሬ ባለ ጃንጥላዋ መጥታ ነበር። የሕፃናት ጉዳይ ቢሮ ሠራተኛ ናት። ፀሐይም ይሁን ደመና ጃንጥላዋን ከብብቷ ስለማታወጣ በልቤ እንዲህ ነው የምጠራት። ከአክስቴ ጋር ሳሎን ቁጭ ብለው ሲያወሩ እኔ ወጥ ቤት ዕቃ አጥብ ነበር። ቧንቧውን ስዘጋው ወሬያቸው ይቆማል፣ ስከፍተው ይቀጥላል። ደጋግሜ ሞከርኩት። በመጨረሻ ውኃውን ለቅቄ ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ። ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ግን ስለ እኔ የሚወራውን እኔ ካልሰማሁት ማን ይስማልኝ?

የደረሰኝ ይህ ብቻ ነው፦

አክስቴ፣ «አትችልም። ገና ልጅ ናት።»

ባለ ጃንጥላዋ፣ «ደንቡ አሥራ ስምንት ነው የሚለው። ግንቦት መጨረሻ ላይ ትወጣለች።»

አክስቴ፣ «እና አልጋዋ ባዶውን ይቀመጥ?»

አትችልም አለች። የምትለኝን ሁሉ ችዬ፣ ትምህርቴን ችዬ፣ ሥራ ይዤ፣ አትችልም። ደግሞ ያሳሰባት አልጋው ነው።

አክስቴ አልኩ እንጂ የሥጋ አክስቴ አይደለችም። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ በአደራ የተቀበለችኝ ሴት ናት። የመጣሁ ቀን ምን ብዬ እንደምጠራት ግራ ገብቶኝ ስቆም «አክስቴ በይኝ፣ አይከብድሽም» አለችኝ። ከእሷ በፊት አራት ቤት አይቻለሁ፤ ሰው ሊያስወጣኝ ሲያስብ ከሩቅ ይሸተኛል። እሷን ስድስት ዓመት ጠረጠርኳት፣ አንድም ቀን ግን አልያዝኳትም። ዛሬ ያዝኳት።

መጋቢት 7፣ ዓርብ

በችኮላ። ከሆቴል የመጣ የአንሶላ ክምር ይጠብቀኛል።

አክስቴ ጠዋት «ምን ዓይነት ብርድ ልብስ ነው የምትወጂው፣ ወፍራም ነው ቀላል?» አለችኝ። በስድስት ዓመት ጠይቃኝ አታውቅም። ሰው ምን እንደምወድ መጠየቅ ከጀመረ መሄጃዬ ደርሷል ማለት ነው። ሦስተኛው ቤት ኬክ ገዝተውልኝ ነበር፤ በማግስቱ መኪና መጣ።

«ለእኔ ሁለቱም አንድ ነው» አልኳት።

መጋቢት 13፣ ሐሙስ

የምሠራበት ላውንደሪ ውስጥ የመተኮሻው ክፍል አለቃ አለች፤ ሁላችንም ጄኔራሏ እንላታለን። ስታዝ ድምፅዋን ከፍ አታደርግም፣ ሁለተኛም አትናገርም። እኔ እስከ ዛሬ ሥራዬ እድፍ ማስለቀቅ ነበር። ደም በቀዝቃዛ ውኃ፣ ዘይት በዱቄት፣ ሻይ ከሆነ ሳይደርቅ። ዛሬ ድንገት ጠራችኝና የሸሚዝ ኮሌታ አተኳኮስ ታሳየኝ ጀመር። ከጫፍ ወደ መሐል ነው የሚተኮሰው፤ ከመሐል ወደ ጫፍ ከሆነ ይጨማደዳል።

«ለምንድነው እኔን የመረጥሽኝ፣ እትዬ?»

«እጅሽ ስለማይቸኩል።»

«ሌላ ምክንያት የለውም?»

ካውያውን አቁማ አየችኝ። «አንቺ ልጅ፣ ሰው ለሰላምታ እጅሽን ሲይዝሽ በሌላው እጅሽ ኪስሽን ትዳብሻለሽ» አለች። አብረውን የሚሠሩት ልጆች ሳቁ፣ እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ግን ስለ እኔ ማን ነግሯት ይሆን እያልኩ ዋልኩ። ከአክስቴ ጋር ይተዋወቃሉ እንዴ?

መጋቢት 24፣ ሰኞ

አክስቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ትጠፋለች። የክት ጫማዋን አድርጋ ትወጣና ከሰዓት በኋላ ደክሟት፣ ጫማዋ አቧራ ለብሶ ትመለሳለች። የት ነበርሽ ስላት «ገበያ» ትላለች። ፌስታል ሳይያዝ ገበያ? አንዲት ቲማቲም እንኳ ይዛ ስትገባ አላየሁም።

ቢሮ ነው የምትሄደው። የምትተካኝን ልጅ እያማረጠች ነው። ቢሮው ቅዳሜ ዝግ መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም።

ሚያዝያ 5፣ ዓርብ

ክፍል ተገኘልኝ። ይዛኝ የሄደችው ባለ ጃንጥላዋ ናት። በአንድ ጡረተኛ ሾፌር ግቢ፣ ከኋላ በኩል ያለች አንዲት ክፍል ናት። መስኮቷ ወደ ልብስ ማስጫው ይከፈታል። ግድግዳው በቅርብ ተቀብቷል። አምፖሉ ሲበራ ትንሽ ያንገራግራል። ደህና ክፍል ናት። ደህና መሆኗ ራሱ አላማረኝም።

ሾፌሩ ግቢውን እያሳዩኝ ሳቅ አሉ። «ያቺ ዘመድሽ ግን አስቸጋሪ ሴት ናት። ሦስቴ ነው የመጣችው። ቅዳሜ ቅዳሜ ስለሆነ ትዝ ይለኛል፣ ኳስ እያየሁ ነበር። አንዴ ቧንቧውን ከፍታ አየች፣ አንዴ የበሩን መቀርቀሪያ ወዘወዘች፣ አንዴ ደግሞ ግቢው ውስጥ እየጠጣ የሚገባ ሰው አለ ወይ ብላ ሚስቴን ለብቻዋ ጠየቀቻት። እኔን እንደ ሌባ ነው የመረመረችኝ።»

«ስለ እኔስ ምን አለችዎት?»

«ስለ አንቺ? ምንም።»

«ምንም» የሚባል መልስ የለም። ሰው ሦስት ጊዜ ተመላልሶ ስለ እኔ ምንም ሳይል አይቀርም። የሆነ ነገር ብላቸዋለች፤ ሊነግሩኝ ይሉኝታ ይዟቸው ነው። ገበያው ይኸው ነበር ለካ። እኔን ለማስወጣት ይህን ያህል ጥድፊያ። ግንቦት እስኪደርስ እንኳ አላስቻላትም።

ሚያዝያ 19፣ ዓርብ

ዛሬ ሥራው ቀደም ብሎ ስላለቀ ጊዜ አለኝ። አንድ ነገር ልጻፍ።

ሁለተኛው ቤት ስገባ ስምንት ዓመቴ ነበር። የሰጡኝ አልጋ እንጨት ላይ፣ በግድግዳው በኩል፣ በሹል ነገር የተፋቀ የሴት ልጅ ስም ነበረበት። ከአልጋው በላይ ፎቶዋ ተሰቅሏል፤ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ትስቃለች። የት ሄደች ብዬ ስጠይቅ «ወጣች» አሉኝ። ወዴት? «ወጣች አልንሽ እኮ።» ያን ዓመት ሙሉ ያቺን ልጅ ስፈራት ኖርኩ። ምን አጥፍታ ይሆን? ሳህን ሰብራ? አልጋ ላይ ሸንታ? ያጠፋችውን ባውቅ እኔ ያንን አላጠፋም ነበር። ግን የሚነግረኝ ጠፋ። ፎቶዋን ባየሁ ቁጥር የአንቺም ተራ ይደርሳል የምትለኝ ይመስለኝ ነበር። ደረሰም።

ስለዚህ ወስኛለሁ። እኔ ከዚህ ቤት ስወጣ ለምትመጣዋ ልጅ ምንም ነገር አልተውባትም። ስም የለ፣ ፎቶ የለ፣ እድፍ የለ። ክፍሉን እንደ ሆቴል አንሶላ ንጹሕ አድርጌ ነው የማስረክበው። አክስቴም ደስ ይላታል፤ አዲስ ልጅ ስታመጣ የአሮጌዋን እየጠራረገች አትደክምም።

ይህን ስጽፍ ለምን እንዳስለቀሰኝ እንጃ። ድካም ነው። ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የዋልኩት።

ሚያዝያ 27፣ ቅዳሜ

አክስቴ ዛሬ የትም አልሄደችም። በምትኩ እኔን ስታስተምር ዋለች። ጋዙ ከላይም ከታችም እንዴት እንደሚዘጋ፣ የዘይት እሳት ላይ ውኃ እንደማይደፋ፣ መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የጎረቤት መስኮት እንደሚታይ። ከዚያ በሩ ላይ አቆመችኝ።

«የማታውቂው ሰው ቢያንኳኳ 'ባሌ ተኝቷል' በይ።»

«ባል የለኝም።»

«እሱ ምን ያውቃል? ቆጣ ብለሽ በይው። ዝም ካላለ 'ልቀስቅሰው?' በይ።»

ሁለታችንም ሳቅን። ስንስቅ አንድ ጊዜ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ፣ ቶሎም ለቀቀችው። ለምን ለቀቀችው? እኔ ላስለቅቃት አልነበረም።

ግንቦት 1፣ ረቡዕ

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ በአጥሩ ላይ አክስቴን ስትጠይቃት ሰማሁ፣ «ልጅቷ ስትወጣ ክፍሉን ምን ልታደርጊው ነው?»

አክስቴ፣ «እንጃ። አላሰብኩበትም።»

አላሰብኩበትም የሚል ሰው አስቦ የጨረሰ ነው። እራት ላይ ሥጋውን ሁሉ ወደ እኔ ገፋችው። ጠግቤያለሁ አልኩ። አልጠገብኩም ነበር።

ግንቦት 18፣ ቅዳሜ

የአክስቴ እህት ታማ፣ አክስቴ ልትጠይቃት ሌላ ከተማ ሄደች። ሰኞ ነው የምትመለሰው። ያሰብኩትን የምፈጽምበት ጊዜ ከዚህ የተሻለ አይገኝም።

ከራስጌዬ በላይ የፀጉር ቅባቴ ግድግዳው ላይ የሠራው ጥቁር ክብ ነበር። በሳሙና አልለቅ ሲለኝ ቀለም ቀባሁት። መስታወቱ ጠርዝ ላይ የለጣጠፍኳቸውን ኮከቦች በጥፍሬ ላጥኩ። ከበሩ ጀርባ ቦርሳዬን የምሰቅልበትን ሚስማር ነቅዬ ቀዳዳውን ደፈንኩ። ከሳሎን ደግሞ ፎቶውን አወረድኩ፤ አክስቴና እኔ ነን፣ እሷ ዓይኗን ጨፍናለች። የት ላድርገው ብዬ ይዤው ቆየሁና ሻንጣዬ ውስጥ ከተትኩት።

ጊዜ የወሰደብኝ የምግብ ጠረጴዛው ነው። አሥራ ሦስት ዓመቴ ላይ የትምህርት ቤት ሸሚዜን ስተኩስ ካውያውን ረስቼ እንጨቱን አቃጥዬው ነበር። ያን ቀን ዕቃዬን ሸክፌ መኪናው እስኪመጣ ደጅ ተቀመጥኩ። አክስቴ ከሥራ ስትመለስ «ምን ሆነሽ ነው ውጭ የተቀመጥሽው?» አለች። ወስጄ አሳየኋት። አየችውና «ጥሩ ነው፣ ከእንግዲህ ትኩስ ድስት ለማስቀመጥ አንሳቀቅም» አለች። ከዚያ ወዲህ ድስቱ የሚቀመጠው እዚያ ነው። ውስጧ ግን ቂም እንደያዘች አውቃለሁ። ጠረጴዛው ተቃጥሎበት ጥሩ ነው የሚል ማን ነው?

በብርጭቆ ወረቀት ፋቅኩት፣ እስኪጠፋ ፋቅኩት፣ ቨርኒሽ ቀባሁት። አሁን አዲስ ይመስላል። ክንዴ አልታዘዝ ብሎኛል። ጄኔራሏ ብታየው ትኮራብኝ ነበር።

ግንቦት 20፣ ሰኞ

አክስቴ ተመለሰች። ስትገባ ከቨርኒሹ ሽታ የተነሳ አፍንጫዋን ያዘች። ከዚያ ጠረጴዛውን አየችው። ቃጠሎው የነበረበት ቦታ ላይ እጇን አድርጋ ወዲያና ወዲህ አመላለሰች።

«ይሄን ማን ንኪው አለሽ?»

«ላጸዳልሽ ብዬ ነው።»

ወደ ክፍሌ ገባች። ብዙ ቆየች። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል፤ ቨርኒሹ ይሆናል። የፎቶው ቦታ ባዶ መሆኑንም አየች። ቢያንስ «አበጀሽ» ማለት ያባት ወግ ነው።

ግንቦት ገና አላለቀም። ግን ውጪ እስክትለኝ ለምን እጠብቃለሁ? ሻንጣዬን አነሳሁ። እሷም ከቁም ሳጥኗ አዲስ ብርድ ልብስ አውጥታ፣ ፊቴን ሳታይ፣ ክንዴ ላይ አደረገችው። ወፍራም ነው።

«ስለ ሁሉም ነገር አመሰግንዎታለሁ» አልኳት።

አንቺ ነበር የምላት። እርስዎ እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም። ፊቷ ሲለዋወጥ አይቻለሁ። አይቼም ወጣሁ።

ግንቦት 27፣ ሰኞ

የራሴ ክፍል። ሩዝ አቃጥዬ በላሁ።

ሲመሽ የክፍሌ በር ላይ ኮቴ እሰማለሁ። ይመጣል፣ ይቆማል፣ መቀርቀሪያውን ነካ ያደርጋል፣ ይሄዳል። ትናንት ድንገት በሩን በርግጄ ብወጣ ሾፌሩ ናቸው፣ በፒጃማ።

«ቀርቅረሽ እንደሆነ ለማየት ነው» አሉ። «አደራ ተብያለሁ።»

ማን አደራ እንዳላቸው አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። የሚጠብቁት እኔን ነው ወይስ ቤታቸውን ከእኔ?

አክስቴ አልደወለችም። እኔም አልደወልኩም። መደወል ያለባት እሷ ናት፤ ታላቅ ናት። ወይም እኔ ነኝ፤ የወጣሁት እኔ ነኝ።

ሰኔ 3፣ እሑድ

ዝናብ። ልብስ አይደርቅም። ስልኩን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። ምን ልላት ነው? ደህና ነሽ ወይ? አልጋዋን አስለቅቃ ምን ትሆናለች።

ክፉ ሆኛለሁ። እንዲህ የምጽፈው ማንም ስለማያነበው ነው።

ሰኔ 11፣ ሰኞ

ምሳ ሰዓት ላይ ጄኔራሏ አስቆመችኝ። «ቅዳሜ አንቺ በሌለሽበት አንዲት ሴት መጥታ ስለ አንቺ ጠየቀችኝ። አክስቷ ነኝ አለችኝ።»

«ልብስ ይዛ ነው የመጣችው?»

«ባዶ እጇን ነው። በልታ ነው ወይ የምትመጣው፣ ከሰው ጋር ትጫወታለች ወይ፣ ከስታለች ወይስ ደህና ናት፣ እሱን ነው የጠየቀችኝ። መምጣቴን እንዳትነግሪያት ብላኛለች፤ እኔ ደግሞ ምሥጢር ሆዴ ውስጥ አያድርልኝም።»

«እየሰለለችኝ ነው» አልኩ።

ጄኔራሏ ካውያውን አቆመችው። «ስሚ። እኔ እዚህ ቤት ስሠራ ያረጀሁ ሰው ነኝ። አንድ ቀን እዚህ በር ላይ ቆሞ 'በልታለች ወይ' ብሎ የጠየቀልኝ ሰው የለም። ቢኖር ስለላ ነው አልልም ነበር።»

«ሌላ ምን አለችሽ?» አልኳት።

«አልቆየችም። 'ቤት ያለችውን አዲስ ልጅ ለጎረቤት ትቼ ነው የመጣሁት' አለች።»

ይኸው። አልጋው ባዶ አልሰነበተም። ከመጀመሪያው ብያለሁ። ትክክል መሆኔ ግን አላስደሰተኝም። ከሰዓት በኋላ የሰው ነጭ ሸሚዝ ኮሌታ አቃጠልኩ። ጄኔራሏ ከእጄ ወሰደችውና «ሂጂ ውኃ ጠጪ» አለችኝ። ዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። አልጋው ይወሰድ። እኔ የፈራሁት ከአልጋው ጋር በሩም እንዳይሄድብኝ ነው። አሁን አመሻሽ ላይ ቢያመኝ፣ ቢከፋኝ፣ ሳልጠራ የምሄድበት ቤት አለኝ ወይ? ይህን ሁሉ ወራት የጠየቅኩት ይህንኑ ነበር፤ የጠየቅኩት ግን ራሴን ብቻ ነው።

ሰኔ 17፣ እሑድ

ሄድኩ። በዓይኔ ልየው ብዬ ነው እንጂ ናፍቆኝ አይደለም። እሺ፣ ናፍቆኝም ነው።

በሩን አንኳኳሁ። ስድስት ዓመት ገፍቼ የገባሁበትን በር። አክስቴ ከፍታ አየችኝ።

«ምን ሆነሽ ነው የምታንኳኪው?»

«እንግዳ ይኖራል ብዬ ነው።»

«ጫማሽን ጥረጊና ግቢ።»

ጠረጴዛው አጠገብ ቆምን። ማናችንም አልተቀመጥንም። «አኩርፌሻለሁ» አለች። «ከእህቴ ዘንድ ስመለስ ቤቱ ሰው የኖረበት አይመስልም። ግድግዳው፣ መስታወቱ፣ ፎቶው ሳይቀር። እንዲህ አድርጎ የሚወጣ ተከራይ ነው። እኔ ቤቴን አከራይቼ አላውቅም።»

«ለምትመጣዋ ልጅ ብዬ ነው» አልኩ።

«እሷንማ ግቢና እያት። ቢሮው ማደሪያ አጥቶላት በድንገት ነው ያመጧት፣ እምቢ ማለት አልቻልኩም። በጫማዋ ነው የምትተኛው። ዳቦውን ሰርቃ ትራስ ሥር ትደብቃለች፤ ዝም ብዬ ሌላ አስቀምጣለሁ። ከመጣች አንዴ ብቻ ነው ያናገረችኝ።»

ገባሁ። አሥር ዓመት ቢሆናት ነው። አልጋዬ ጫፍ ላይ ቦርሳዋን ታቅፋ ተቀምጣለች። ጫማዋ እንደታሰረ ነው፣ ዓይኗ በሩ ላይ ነው። ያን አስተያየት ለማወቅ ማንም እንዲነግረኝ አያስፈልግም።

«የቢሮ ነሽ?» አለችኝ።

«አይደለሁም። ላውንደሪ ነው የምሠራው።»

ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ከእኔ በፊት እዚህ ልጅ ነበረች።»

«በምን አወቅሽ?»

«ግድግዳው እዚህ ጋ ብቻ ነው የተቀባው። የሚስማር ቀዳዳ ተደፍኗል። ሳሎን የፎቶ ቦታ አለ፣ ፎቶው ግን የለም። ሴትየዋን ልጅቷ የት ሄደች ብዬ ጠየቅኳት፤ ሳትመልስልኝ ወጥ ቤት ገባች። ስታለቅስ ሰማኋት።» ወደ በሩ ተመለከተች። «የሆነ ነገር አድርጋታለች። ከዚያ ሁሉን ነገር አጽድታዋለች።»

አጠገቧ ተቀመጥኩ። እንዳትፈራ ብዬ የደከምኩበት ክፍል ነው። እኔ ስምንት ዓመቴ ላይ አንድ ስምና አንድ ፎቶ ነበረኝ። ለእሷ ግን ያንንም አልተውኩላት።

«እኔ ነኝ» አልኳት። «ከአንቺ በፊት የነበርኩት እኔ ነኝ። ያጸዳሁትም እኔ ነኝ፣ እሷ አይደለችም።»

ከላይ እስከ ታች አየችኝ፣ ከሰውነቴ የጎደለ ነገር እንደምትፈልግ። «ምን አደረገችሽ?»

ስድስት ዓመት የፈለግኩት የዚህን መልስ ነው። ቦርሳዬን ትበረብር እንደሆነ ብዬ ዚፑ ላይ ክር አስሬ ፈትኛታለሁ፤ ክሩ ሳይነካ ሰነበተ። ሆን ብዬ አምሽቼ ገብቼ ፈትኛታለሁ፤ ምግቤን አሙቃ ሰጥታኝ ነው የተቆጣችኝ። ሳያመኝ አመመኝ ብዬ ፈትኛታለሁ፤ አጠገቤ ወንበር ላይ አደረች። ዛሬም ልጅቷ ዓይን ዓይኔን እያየች አንድ ክፉ ነገር ፈለግኩ። እውነቱን ልጻፍ፣ ባገኝ ደስ ይለኝ ነበር። አንድ እንኳ ባገኝ ይህን ሁሉ ወራት ትክክል ነበርኩ ማለት ነው።

«አሳደገችኝ» አልኳት።

አላመነችኝም። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን አላምንም።

«ታዲያ ለምን አባረረችሽ?»

«አላባረረችኝም። አሥራ ስምንት ሲሞላ ይወጣል። እኔ ደግሞ ትንሽ ቀደም ብዬ…» አልጨረስኩትም።

«አሁን እንግዳ ነሽ?»

«አላውቅም።»

«ሌላ ጊዜ ትመጫለሽ?»

ብዋሻት ታውቅብኛለች፤ እኔ በእሷ ዕድሜ አውቅ ነበር። ቆይ ብያት ወጥ ቤት ገባሁ። አክስቴ ጀርባዋን ሰጥታኝ ሽንኩርት ትከትፋለች።

«አክስቴ» አልኩ። «እሑድ እሑድ ብመጣ… ማለቴ፣ ልጅቷ እንድታየኝ ያህል። የወጣ ሰው ደህና መሆኑን እንድታይ። ትፈቅጂልኛለሽ?»

ቢላዋው ቆመ። ዞራ አላየችኝም።

«ማን አትምጪ አለሽ?» አለች።

እዚያው ቆሜ አሰብኩ። በበር ያዳመጥኩትን፣ በአጥር የሰማሁትን፣ ሾፌሩ ያሉኝን፣ ጄኔራሏ ያለችኝን፣ ሁሉንም አንድ በአንድ አሰብኩ። ማንም አላለኝም።